ለደላላና ለእመቤት የድርቆሽ ቦታ

ሰኞ

መጻፍ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ችሎታ ያለው ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግፍ ስለሆነ ነው። የማታ ትምህርቱን በቅርቡ ጨረስኩ፣ ከክፍሉም አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣው ዘበኛ በፈተናው ሰሞን ዓይኑን ታሞ እንደነበር እዚህ ላይ ማንሳት አስፈላጊ አይደለም። መምህርታችን «የተማሩት እንዳይጠፋብዎ በየቀኑ ጥቂት ይጻፉ፣ ቀኑንም ከነቁጥሩ» ብላኛለች። እኔ ቁጥር የማወጣው ለፍራሽ ልኬት ነው። ሰኞ መሆኑን ካወቅኩ ይበቃኛል።

ሥራዬ ፍራሽ ሰፊነት ነው። በዚህ ሰፈር ጀርባውን ሳያመው የሚነሳ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ ያስተኛሁት።

አሁን የምጽፈው እህቴ ቤት ሆኜ ነው። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታለች። ቤቷ ውስጥ ሁለት ጊኒ ፒጎች አሏት። ለማያውቅ ሰው፦ አይጥ አይደሉም፣ ጥንቸልም አይደሉም፣ ጭራ የላቸውም፣ ቀኑን ሙሉ ያኝካሉ። እነሱን ልጠብቅ ጓዜን ጠቅልዬ መጣሁ። ለእነሱ ብዬ ነው። የኔ ክፍል ምንም አልጎደለበትም፤ ጸጥታ እንኳ ሞልቶ ተርፎታል።

ዋናው ጉዳይ ግን እንዲህ ነው። ባንክ ቤት የሚሠራው የእህቴ ልጅ ከሚኖርበት ከተማ መጥቷል። እናቱ ከሆስፒታል ስትወጣ ይህን ቤት ዘግቶ ወደ ራሱ ሊወስዳት አስቧል። እሷ ቤቴን አልለቅም ብላለች። እኔም «ቤቷ ትግባ፣ አብሬያት እሆናለሁ፣ እኔ አስታምማታለሁ» አልኩ። ልጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ይዘው ይታዩ» አለ።

በትሕትና ነው ያለው። የቆረቆረኝም ትሕትናው ነው።

ማክሰኞ፣ በጥድፊያ

ነጠብጣቧ ደላላ ትባላለች፤ የፌስታል ድምፅ ከሰማች ቤት ልታከራይ የመጣች ይመስል ታፏጫለች። ነጯ እመቤት ናት። አትጮህም፣ ታያለች ብቻ። ጎህ ሳይቀድ አስነሱኝ። ካሮት ሰጠኋቸው። ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ታሪክ ሠራሁ።

እትዬ ስትተኛ አንድ አደራ ሰጥታኝ ነበር፦ «ድርቆሻቸው እንዳይጎድል።» ሽቦ ቤታቸው ውስጥ ያለውን የድርቆሽ ቦታ ሳየው አፈርኩላት። ጥጉ ላይ አንድ ጎኑ የተቀደደ ካርቶን፣ ውስጡ ብትን ያለ ሳር፣ ግማሹ መሬት ላይ፣ ከላዩ በጠጥ። የተጣላ ሰው የተላቀሰበት አልጋ ይመስላል።

ከጆንያው ድርቆሹን አወጣሁና እንደ ባለሙያ መረመርኩት። አረንጓዴ ነው። ይሸታል። ዘር አለበት። በኛ ሙያ እንዲህ ያለ ሳር ፍራሽ ውስጥ የከተተ ሰው ደንበኛውን ከትኋን ጋር አጋብቶ ነው የሚልከው። ጆንያውን እንዳለ ወስጄ ለጋሪ ፈረስ ሰጠሁት። ፈረሱ ባለጌ ነው፣ ምስጋና አያውቅም፣ ግን በላው።

ከሱቄ የስንዴ ገለባ አመጣሁ። አንደኛ ደረጃ፣ ወርቅ የመሰለ፣ ተደብድቦ አቧራው የወጣ፣ ምንም የማይሸት። ከአዲስ አቡጄዲ ከረጢት ሰፋሁ፤ ፊቱ ላይ እንዲጎትቱበት ክብ መስኮቶች አወጣሁ፣ ጠርዙን በድርብ ክር ዘመዘምኩ። ከዚያ በመጠቅጠቂያ ዱላዬ ጠቀጠቅኩ። የጥሩ ፍራሽ ሕግ አንድ ነው፦ በጡጫ ስትመታው ጡጫህን መመለስ አለበት። መለሰልኝ። ሽቦው ላይ አንጠለጠልኩት። አጥቤ፣ ጠርጌ፣ ካርቶኑን ጣልኩ።

ራቅ ብዬ አየሁት። እኔ ጊኒ ፒግ ብሆን ከዚያ ቤት አልወጣም።

ሐሙስ

ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ከስታለች፤ ምላሷ ግን ውፍረቱ እንዳለ ነው።

«ይበላሉ?»

«እንደ ሠርገኛ።»

«ድርቆሹስ?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

«አንተ ጡሩምባ፣ ለኔ ተይው ስትል ነው የምፈራው።»

ውኃ ልትጠጣ እጇን ወደ ብርጭቆው ስትዘረጋ ቀድሜ አነሳሁላት። ትራሷን ልታስተካክል ስትል እኔ መታሁላት። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ወተፍኩላት። «እጄ አልተሰበረም» አለችኝ። የታመመ ሰው ይነጫነጫል፤ አልተቀየምኩም። ስወጣ ግን ብርድ ልብሱን አንስታ በደህናው እግሯ ስትገፋው በበሩ መስታወት አየኋት።

ቅዳሜ

ደላላ ዝም ብላለች። ተመስገን፣ ቤቱን ለመዳት። ዛሬ እስኪነጋ ተኛሁ። ከረጢቱ እንደሰቀልኩት ነው፣ አንዲት ዘለላ አልጎደለችም። ንጹሕ። መሬቱ ላይም ምንም አልጣሉም። ሰው ሥርዓት ሲሠራላቸው እነሱም ሥርዓት ይይዛሉ።

እሑድ

እመቤት ዱባውን አሽትታ ተወችው። ጥጉ ላይ ጠጉሯን አቁማ ኳስ ሆናለች። ገለባው ላልቶባቸው ይሆናል ብዬ ከረጢቱን አወረድኩና እንደገና ጠቀጠቅኩት፤ ከበፊቱ አብልጬ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የእህቴ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶኝ በስልክ ከሚስቱ ጋር ያወራል። «እሳቸው ራሳቸው ሰው ይፈልጋሉ እኮ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቀልድ ሌላ ምን ቀራቸው?» ይላል።

ማንን እንደሚያማ አላውቅም። ኮሪደሩ ሰው ይበዛበታል።

እትዬ ጠየቀችኝ። «እንደ ሠርገኛ» አልኳት።

ሰኞ፣ ከሐኪም ቤት እንደመጣሁ

በጥድፊያ ስለምጽፍ ፊደሌ አያምርም። ሌላ ጊዜ ያምራል።

ጠዋት እመቤት አልተነሳችም። ከሥሯ በጠጥ የለም። ሁለቱንም በቅርጫት ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሮጥኩ። ከረጢቱንም ይዤ ሄድኩ፤ ለምን እንደያዝኩት እንጃ፣ አድንቃ እንድታጽናናኝ ይሆናል።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። የእመቤትን ሆድ ዳበሰች፣ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አቆየች። ከዚያ ከረጢቱን አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ምግባቸው። የስንዴ ገለባ፣ አንደኛ ደረጃ።»

«ገለባ መኝታ ነው። ምግባቸው ድርቆሽ ነው፤ አረንጓዴው፣ የሚሸተው። ቀን ከሌት እሱን ካላኘኩ አንጀታቸው ይቆማል። የሷ ሊቆም ምንም አልቀረው።»

«አትክልት ሰጥቻቸዋለሁ።»

«አትክልት ማጣፈጫ ነው።» በጣቷ ከመስኮቱ አንዲት ዘለላ ለመሳብ ሞከረች። አልመጣላትም። በሁለት እጇ ሳበች። «ቢርባቸው እንኳ ይሄን ማን ያወጣዋል? እንደ ግንብ ጠቅጥቀውታል።»

«ሙያዬ ነው» አልኳት።

«አያለሁ» አለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርፌ በሌለው ስሪንጅ የሚሰጥ የላመ ምግብ አዘጋጀችልኝ፣ አያያዙንም አሳየችኝ፦ በጎን በኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ እንዳያንቃት። «ዛሬና ነገ ዋናው ነው» አለች።

ደላላ ዝም ያለችው ሥርዓት ይዛ አልነበረም። ርቧት ነው። እኔም ተኝቼ ተመስገን እል ነበር።

ማክሰኞ

እመቤት ተፋች። እንደገና ሰጠኋት። ዋጠች። ሸሚዜ ላይ ሸናች፣ መልካም ምልክት ነው መሰለኝ። ደላላ ራሷ ላሰች። ሱቅ አልከፈትኩም።

እመቤት ጭኔ ላይ ሆና ታየኛለች። እስኪ ምን አለበት ብትጮህብኝ።

ረቡዕ

ድርቆሽ ፍለጋ ወጣሁ። ከተማውን ያዳረስኩ ይመስለኛል። መጨረሻ ላይ ከአንድ የወተት ላም ባለቤት አገኘሁ። ቢጫውን ሲያቀርብልኝ «አረንጓዴውን» አልኩት። «አሽትተው» አለኝ፣ አሸተትኩት። ይህን ሽታ ዕድሜዬን ሙሉ ከፍራሽ ሳባርር ኖሬ ዛሬ እንደ ሽቶ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ሰውዬው ላሜን ልትገዛ ነው እንዴ በሚል ዓይን አየኝ።

የድርቆሹን ቦታ እንደገና ሠራሁት፤ ዶክተሯ እንዳለችው እንጂ እኔ እንዳልኩት አይደለም። እትዬ የማትጠቀምበትን ሰፊ የኬክ መጋገሪያ ትሪ ጥጉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጠርዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይወጡበታል። ከሥሩ ወረቀት አነጠፍኩ፣ ምክንያቱም እነዚህ እመቤቶች እየበሉ ይጸዳዳሉ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ከትሪው በላይ፣ አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ በሚደርሱበት ልክ፣ የሳህን ማንጠፍጠፊያ ሽቦ አሰርኩ፤ ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ ዘለላው በቀላሉ ይመጣል። ክር የሚባል ነገር አላስጠጋሁም፤ ይበሉታል ብላኛለች ዶክተሯ።

ከዚያ ከባዱ መጣ። ድርቆሹን መበተን። ዝም ብሎ ከላይ መጣል። እጄ ሊጠቀጥቅ ይበላኝ ነበር። አንዴ ረስቼ በመዳፌ ተጫንኩት፤ መልሼ በጣቶቼ ፈታሁት፣ የሕፃን ጠጉር እንደሚፈታ። ስጨርስ ያን መጀመሪያ የጣልኩትን፣ የተላቀሰበት አልጋ የመሰለውን ቦታ መስሎ ቁጭ አለ። እትዬ እኮ ቦታውን ሠርታው ነበር።

አሁን እየጠበቅኩ ነው። ደላላ ገባችበትና ሙሉ በሙሉ ጠፋች፤ ድርቆሹ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እመቤት ወጥታ ትሪው ጠርዝ ላይ ቆማለች። አላኘከችም።

አላኘከችም።

ሐሙስ ጠዋት

በጠጥ። ትሪው ላይ፣ ወረቀቱ ላይ፣ በየቦታው። ጥቁር፣ ደህና ደህና፣ የሁለቱም። ሰው በዚህ ይደሰታል ወይ? እኔ ተደሰትኩ። ለጎረቤቷ ልብስ ሰፊ በአጥሩ ላይ ነገርኳት። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ።

እመቤት ትሪው ውስጥ ገብታ ረጅም ዘለላ አፏ ውስጥ እያሳጠረች ታየኛለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ገለባ ስደበድብ አቧራ ዓይኔን ነክቶት አያውቅም ነበር። ይህ ድርቆሽ ግን ይነካል።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ «እንደ ሠርገኛ» ብላት እውነት ነበር። የእህቴ ልጅም አልጋው አጠገብ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ዝም ማለት ይቻል ነበር። አፌ ግን የኔ ሆኖ አያውቅም።

«እትዬ፣ ገለባ ነበር ያበላኋቸው» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፈረሱን፣ ከረጢቱን፣ ዶክተሯን፣ ስሪንጁን።

ጣሪያውን አየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ፍራሽ… ፍራሽ ሰፋህላቸው?» አለች። «አንተ፣ አታስቀኝ፣ ስፌቴ፣ ስፌቴን…»

ልጇ አልሳቀም። «አየሽ፣ እማዬ?» አላት።

«አየሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ምን እንዳየች አልተናገረችም። መንገዱን ሁሉ ይህን ሳሰላስል መጣሁ። በምላሴ ቤቷን አዘጋሁባት ማለት ነው? ባልናገርስ ኖሮ? ባልናገር ኖሮ ትሪው አጠገብ ተቀምጬ ይህን መጻፍ አልችልም ነበር። ይህም ሰበብ ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ

ደላላ በኋላ እግሮቿ ቆማ ከሽቦው አንድ ዘለላ ትጎትታለች። አልመጣላትም። አዘንኩላትና እኔ ስቤ አፏ ላይ አቀረብኩላት። ዞር አለች። ተመልሳ ያችኑ የራሷን ጎተተች፣ ስትወጣላት ይዛት ሮጠች።

አሰብኩበት። ብዙ አላሰብኩም።

ሰኞ

ሆስፒታል ውስጥ እትዬን በእግሯ የምታለማምደው ሴት ቆፍጣና ናት። ዛሬ ጥግ ይዤ ሰማኋት፤ እሷ ፊት አልቀልድም። እትዬ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ የለባትም። ማጎንበስ የለባትም። «ከሁሉም በላይ» አለች፣ «ሰው እየደገፈ አያንሳት። ባለ አራት እግር መደገፊያዋን ይዛ ራሷ ትነሳ። የሚያነሷት ሰዎች ናቸው አልጋ ላይ የሚያስቀሯት።»

ወደኔ ለምን እንዳየች አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ላብ በላብ

ምንጣፎቹን ሁሉ ጠቀለልኩ፤ እግር ያደናቅፋሉ። አናጢው መታጠቢያ ቤት ውስጥ መያዣ ብረት ተከለ። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን በግድግዳው ላይ ደግሞ የእንጨት መደገፊያ። ብርጭቆ፣ ሻይ፣ ስኳር፣ መድኃኒት፣ ሁሉም ከላይኛው መደርደሪያ ወርዶ እጅ በሚደርስበት ሆነ። እዚህ እንደመጣሁ ያን ሁሉ ነገር ከላይ የሰቀልኩት እኔው ነበርኩ፤ ቤቱ እንዲያምር።

ወንበሯ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ መቀመጫ ሰፋሁለት፤ ከፍ ያለ፣ በጡጫ ቢመቱት ጡጫ የሚመልስ። ገለባው ቦታውን አገኘ። ልፎክር ነበር፣ ግን ደክሞኛል።

ሽቦ ቤቱንም ከወለል አንስቼ ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት። የድርቆሹን ትሪ ወደ ፊት ለፊት አዞርኩ፣ ከላይ የሚከፈት በር አበጀሁ። ጆንያው ከወንበሩ በስተቀኝ። ተቀምጬ ሞከርኩት። ሳላጎነብስ፣ ሳልነሳ፣ አንድ እፍኝ ከጆንያው፣ ጣል። ደላላ ቤት ተከራየ ብላ አፏጨች።

ሁሉም ለእንስሶቹ ሲባል የተደረገ ነው።

ዓርብ

የእህቴ ልጅ ቤቱን ሊያይ መጣ። ሊመረምር ማለቴ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ብረት በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት፤ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ተቀመጠ። ወለሉ ላይ የተበተነውን ድርቆሽ አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ሥርዓቱ ነው።»

ደላላ ሽቦውን ይዛ ቆማ ታፏጭበት ነበር። ወደ ጆንያው እጁን ሰዶ ጥቂት አነሳና ሰው እንዳያየው ብሎ ግራ ቀኝ ተገላመጠ። በተነላት። መጥታ ከሥሩ ማኘክ ጀመረች። ረጅም ጊዜ ቆሞ አያት፤ ክራቫቱ ላይ ገለባ… ድርቆሽ ተሰክቷል፣ አልነገርኩትም።

«ትናንት ማታ እማዬ ምን አለችኝ መሰለዎት» አለኝ ዞሮ ሳያየኝ። «‹ሲያጠፋ ራሱ የሚነግርህ አስታማሚ ከየት ይገኛል› አለችኝ።»

ጎንበስ ብዬ ወለሉ ላይ የተበተነውን ድርቆሽ መልቀም ጀመርኩ።

«አንድ ወር እንሞክረው» አለ። «ከወደቀች ግን በዚያው ቀን ነው የምወስዳት። ደግሞ በየጠዋቱ እደውላለሁ።»

«ደውል» አልኩት። «ማንበብም መጻፍም ስለምችል ቁጥርህን አውቀዋለሁ።»

ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አሳሳቁ የእናቱ ነው።

እሑድ

ገባች። ከመኪናው እስከ በሩ በመደገፊያዋ ተራመደች። እኔ ከኋላዋ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ። ኪሴ ውስጥ በቡጢ ነበር የያዝኳቸው። በሩ ላይ ቆማ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው፣ መደገፊያውን እንጨት በመዳፏ ዳበሰችው። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ፣ «ይሄ ጠንካራ ነው» አለች። «ጥሩ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት

ይህን የምጽፈው ሳሎን ውስጥ፣ መርፌና ክሬን ይዤ፣ የደንበኛ ፍራሽ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። ቸኩዬ ነው፣ እንዳይረሳኝ።

ደላላ አፏጨች። የመኝታ ቤቱ አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። «እትዬ፣ ልምጣ?» ብዬ ልጣራ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። መደገፊያዋ ወለሉን መታ። ቆየ። እንደገና መታ። በሩ ላይ ታየች፣ ጠጉሯ ተበታትኖ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ግድግዳው ላይ ያለውን እንጨት ያዘች። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመችና ትንሽ ወዘወዛት።

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። አልተነሳሁም።

ሚዛኗን አገኘች። መጣች። ወንበሯን በእጇ ፈለገች፣ ያዘች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከጆንያው አንድ እፍኝ ድርቆሽ አነሳች፣ በጣቶቿ ፈታችው፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እመቤት፣ ያቺ የማትጮህ እመቤት፣ ተነስታ ቆመችላት።

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ እማዬ ተነሳች?»

«ተነስታለች።»

«ማን አነሳት?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?» አለ። «እስቲ ስልኩን ይስጧት፣ ላናግራት።»

ስልኩን ይዤ ዞር አልኩ። እትዬ ሌላ እፍኝ እያነሳች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ቆይቶ ይደውል» አለች። «እጄ ሞልቷል።»

«እጇ ሞልቷል» አልኩት።